የወይራ ቦኮላ

ወይራ ሲታጠን ሌላው ሰው እርጎ ነው የሚታወሰው። እኔ የሚታወሰኝ መኪና ነው። ባለፈው ሰሞን ጎረቤቴ የወተት ዕቃዋን በወይራ እያጠነች፣ እዚያው እሳት ዳር የኑግ ዘይት ስታግል ደረስኩባት። ሁለቱ ሽታ ተቀላቅሎ ሲመጣብኝ ሳላስበው "የማን መኪና ተሠራ?" ብዬ ጠየቅኋት። ሴትዮዋ "ምን ነካሽ?" አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስላት? ቆሞ የሚነገር ነገር አይደለም። እናንተ ግን ተቀምጣችኋልና ስሙኝ።

ያደግኩት መካነ ኢየሱስ እስቴ ነው፣ በጃንሆይ ጊዜ። አባቴ ደምሴ ሾፌር ነበር። ያኔ ሾፌር መባል እንደዛሬው ተራ ነገር አልነበረም። እናቶች ልጃቸው ሲያለቅስ "ዝም በል፣ ደምሴ መኪናውን ይዞ ይመጣል" ይሉ ነበር፤ ለማስፈራራት ይሁን ለማባበል እስካሁን አላውቅም። አባዬ ጎንደር ሄዶ ሹፍርና ተምሮ፣ ሲመለስ ያረጀ ጂፕ ይዞ መጣ። ቀለሙ ፀሐይ ልሶት አመድ መስሎ ስለነበር "ዳልቻ" ብሎ በበሬ ስም ጠራው። በዳልቻ እህልና ሰው እየጫነ ደብረ ታቦር ይመላለሳል፤ ያውም በበጋ ብቻ። ክረምት ከገባ ጭቃውም ወንዙም አያሳልፉም። አውቶቡስ የሚባል ነገር ገና ወደ እኛ አልዘለቀም።

ከእኔ በኋላ እናቴ የሺ፣ እኔ እናና የምላት፣ ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱም አልሆኑላትም። የኋለኛው የከፋ ነበር። ምጥ የያዛት ክረምት ላይ ነው። ልጁ አልመጣ ብሎ አዋላጇ "ይህስ ከእኔ በላይ ነው" ስትል፣ ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ደብረ ታቦር ሐኪም ቤት ይዘዋት ወጡ። ወንዙ ሞልቶ ጠበቃቸው። ውኃው እስኪጎድል ዳር ላይ ሲጠብቁ ልጁ ሞቶ ተወለደ። ስላልተጠመቀ ቤተ ክርስቲያን አይገባምና እዚያው ዳር ካለው ሾላ ሥር ቀብረውት መጡ። እናናን በሕይወት መለሷት፤ ቆማ እስክትሄድ ግን ጥቅምትም ኅዳርም አለፈ። ያን ጊዜ አዋላጇ አባዬን ለብቻው ጠርታ "ደምሴ፣ ሌላ ከጸነሰች እዚህ አትወልድም። የየሺ ነፍስ በእጄ ላይ ስትወጣ ማየት አልፈልግም" አለችው። እኔ ከጎታው ጀርባ ሆኜ ሰምቻለሁ። ከጎታ ጀርባ ያልሰማሁት ነገር የለም።

የማወራላችሁ ዓመት እናና ዳግመኛ የጸነሰችበት ነው። በአዋላጇ ቆጠራ ልጁ ለግንቦት ልደታ ግድም ይደርሳል። አባዬ ዝናቡ ሳይጠና፣ ምጡም ሳይመጣ፣ እናናን በዳልቻ ጭኖ ሐኪም ቤት ሊያደርሳት ቆረጠ። "በቃሬዛ አትሄድም" አለ። ከዚያ ወዲያ ስለ ሌላ ነገር ሲያወራ አልሰማሁትም። አባቴ አንድ ነገር ከያዘ ያዘ ነው፤ ጎረቤቶቻችን "ደምሴን ከማሳመን ዳገት ማውረድ ይቀላል" ይሉ ነበር።

ዳልቻ ግን ታሞ ነበር። ቁልቁለት ላይ መሪው ወዲህ ሲል ጎማው ወዲያ ይላል። አንድ ቀን እህል ጭኖ ሲመለስ አባዬን ገደል አፋፍ ላይ አድርሶት፣ ቤት ሲገባ ፊቱ ከመኪናው ቀለም አይለይም ነበር። በነጋታው መኪናው ሥር ገብቶ አየና "ቦኮላው አልቋል" አለ። ባሌስትራ የሚሉት ድርብርብ ብረት አለ፤ የመኪናውን ሸክም ከጎማው በላይ የሚይዘው እሱ ነው። ጫፉ ላይ ጆሮ አለው፣ በጆሮው ውስጥ ቡሎን ያልፋል። ብረት ከብረት እንዳይፋጭ መሃላቸው የሚገባው የጎማ ቀለበት ነው ቦኮላ። እሱ ካለቀ ቡሎኑ ጆሮው ውስጥ ይዋልላል፣ መኪናውም እንደ ሰካራም ይሄዳል። እንዲህ ባለ መኪና እርጉዝ ጭኖ ያን ቁልቁለት መውረድ አይታሰብም።

እናናም በዚያው ሰሞን ከመደብ ስትነሳ ወገቧ ቀጭ ይል ነበር። "መገጣጠሚያዬ ሁሉ ላልቷል፣ ልጄ" ትለኛለች። ዳልቻም ሲነሳ ቀጭ ይላል። እኔ ታዲያ በስምንት ዓመቴ ነገሩ አንድ በሽታ እንደሆነ ቁርጥ አድርጌ አወቅሁ። የእናናም ቦኮላ አልቋል። አባዬ ሌሊትና ቀን ስለ ቦኮላ የሚጨነቀውም ለእሷ ነው። በእርግጥ ለእሷ ነበር፤ እኔ ግን ሠርቶ እሷ ውስጥ የሚከተው መስሎኝ ነው።

መጀመሪያ ወደ ጎንደር ለሚሄድ ነጋዴ ያለቀውን ቦኮላ ሰጥቶ "ልክ እንደዚህ ያለ" ብሎ ላከው። ሰውየው ሁዳዴ ሲገባ ተመለሰ። ያመጣው የትልቅ ጭነት መኪና ነው፤ እኔ እጄን አስገብቼ እንደ አምባር አደረግሁት። አባዬ አላኮረፈም። "እሺ፣ ከሌለ ይሠራል" አለ።

ያኔ ነው አያ ታፈረ የገባው። አያ ታፈረ የእናና ታላቅ ወንድም ነው፣ ገበሬ። ጠፍር በመቁረጥ አገሩን የሚያስንቅ ሰው ነበር። መኪናው ሥር አጎንብሶ ሲያይ ቆየና ተነስቶ ጉልበቱን አራገፈ።

"ደምሴ፣ ይህ እኮ የሞፈርና የቀንበር ነገር ነው" አለ። "ሞፈር ከቀንበር የሚጋጠመው በምንድን ነው? በምራን፣ በጠፍር ማሰሪያ። እርጥብ ጠፍር ጠምጥመህ ክተትበት፣ ሲደርቅ ብረት ይሆንልሃል።"

"አይሰነጠቅም?"

"ሞራ ታበላዋለሃ። በሬ ስታርስበት የማይሰነጠቅ ጠፍር ያንተ ቆርቆሮ ሊሰነጥቀው ነው?"

አባዬ አሰበና "ይሁን" አለ። ጠፍሩ ተነከረ፣ ተጠመጠመ፣ ዳልቻ በድንጋይ ላይ ተነስቶ ባሌስትራው ወረደ። ሞራውን ለማቅለጥ ግን እናና ድስት ከለከለች። "በሁዳዴ በእኔ ዕቃ ሞራ አይቀልጥም። ለመኪና ብዬ ሁለት ወር የምጾመውን አላበላሽም" አለች። በቆርቆሮ ጣሳ ከግቢ ውጭ ቀለጠ። እኔ ደግሞ መኪናው በጾም ሞራ ሊበላ ነው ብዬ ለዳልቻ ነፍስ ፈራሁ።

ጠፍሩ ደርቆ ዳልቻ ሲነዳ ድምፁ ሁሉ ጠፋ። አባዬ ገበያ ዳር ድረስ ነድቶት ሲመለስ ከሩቅ ይስቅ ነበር። እናናም ወጥታ አየች። አያ ታፈረ የአገር ግዛት የሰጡት ይመስል ጋቢውን እያጣፋ ጎረቤት ለጎረቤት ዞረ። "ጎንደር ድረስ ሰው ትልካላችሁ፣ ጠፍር እዚህ እያለ" እያለ።

በሦስተኛው ጠዋት አባዬ ወጥቶ አልመለስ አለ። ተከትዬው ወጣሁ። ዳልቻ አንድ ጎኑን ጥሎ ቆሟል። ከባሌስትራው ጆሮ ውጭ ተርፎ የነበረው ጠፍር የለም፤ ውስጥ ያለውም ተጎትቶ ወጥቷል። መሬቱ ላይ የጅብ ዱካ ተረግጦ ተረግጦ አውድማ መስሏል። በሞራ የታሸ ጠፍር፣ ያውም አገሩ ሁሉ ጾሞ የሚጣል አጥንት በሌለበት ሰሞን! ምን ያድርግ ጅቡስ?

"ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ ሲባል እሰማ ነበር" አለ አባዬ፣ "እኔ በማውቀው አገር ቅባት ቀብቼ አነጠፍኩለት።"

ወሬው ከእኛ ቀድሞ ገበያ ደረሰ። "የደምሴን መኪና ጅብ በላው" ተባለ። አንዲት አሮጊት ከታች ሰፈር ምርኩዛቸውን ይዘው መጥተው "እግዜር ይተካላችሁ" ብለው ተቀመጡ። እንደ ከብት መስሏቸው ነው፤ ቆዳውን ምን እንዳደረግነው ሁሉ ጠየቁ። አያ ታፈረ ግን ሳምንት ሙሉ በደጃችን አላለፈም። አፍሮ በላይኛው መንገድ ይዞር ነበር።

አባዬ ያን ሰሞን ከደጅ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ እጁን አገጩ ላይ አድርጎ ይውላል። ፋሲካ አለፈ። ሰማዩ ከሰዓት በኋላ ማጉረምረም ጀመረ። የእናና እግር አብጦ ጫማዋን አላስገባ አላት። እሷ ፈርታ እንደሆነ አላሳየችም፤ እኔ ግን ማታ ማታ ሆዷ ላይ እጇን አድርጋ ስትሰማ አያታለሁ። የሚያስፈራኝ ያ ነበር።

አንድ ጠዋት እናና በሩ ዳር ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል አባዬ ሊወጣ መዝጊያውን ገፋው። እንዝርቷን አቆመች።

"ደምሴ፣ ይህ በር በምን ይዞራል?"

"በእግሩ ነዋ።"

"እግሩ ከምንድን ነው? የሚዞርበትስ ጉድጓድ?"

አባዬ ጎንበስ ብሎ አየ። የእኛ አገር የድሮ በር ማጠፊያ ብረት የለውም። የመዝጊያው ጫፍ እንደ እግር ተጠርቦ፣ ከታች መድረኩ ውስጥ በተቦረቦረ እንጨት ላይ ይዞራል።

"እኔ ይህን ቤት ሙሽራ ሆኜ ስገባ የተተከለ ነው" አለች። "በቀን ስንት ጊዜ ይከፈታል? ጠፍር ጠየቀህ? ጎማ ጠየቀህ? ወይራ ነው፣ በቃ።"

አባዬ መዝጊያውን ወደዚህ ወደዚያ ሲያዞረው ቆየ። ከዚያ "ደረቅ ወይራ ከየት ይመጣል? እርጥቡን ብጠርበው ይሰነጠቃል" አለ። እናና ወገቧን ይዛ ተነሳች፣ ቀጭ አለ፣ ጓዳ ገብታ ዘነዘናዋን ይዛ መጣች። ያን ዘነዘና እናቷ ናቸው የሰጧት፤ በርበሬ ሲወቀጥበት የኖረ፣ ከድንጋይ የማይለይ ደረቅ ወይራ። ሰው ሊዋሳት ሲመጣ እንኳ ሙቀጫውን ሰጥታ ዘነዘናውን ትደብቅ ነበር። እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ክብም ነው፣ አያደክምህም" አለችው። "እኔ መኖር እፈልጋለሁ፣ ደምሴ። ዘነዘና ሌላ ይጠረባል።"

እናቴ እንዲህ ብላ ስትናገር ከዚያ በፊት ሰምቼ አላውቅም። አባዬም ሰምቶ አያውቅም መሰለኝ፣ ቀና ብሎ አላያትም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ወይራና ኑግ ሸተተ። አባዬ ዘነዘናውን በመጋዝ እየቆራረጠ፣ በካራ እየላገ፣ የባሌስትራውን ጆሮ እየለካ ያስተካክላል። መሃሉን ለመብሳት ብረት እሳት ውስጥ አግሎ ይሰካበታል፤ ወይራው ይጨሳል፣ አባዬ ያስለዋል፣ እንደገና ያግላል። ቀዳዳው ከጠመመ ይጥለዋል። ሳይሰነጠቅ የወጣውን በፈላ የኑግ ዘይት ውስጥ ከቶ እስኪጠግብ ይተወዋል። "ይኸኛው የጾም ነው፣ ጅብም አይነካው" ይላል። እናና በዚህ ጊዜ ድስቷን ሰጠች።

እኔ አጠገቡ ሆኜ ዘይት ሳማስል ከርሜ አንድ ቀን ጠየቅሁት።

"አባዬ፣ ለእናናም አንድ ጨምርላት።"

"ምን ልጨምርላት?"

"ቦኮላ። የሷም አልቋል። ስትነሳ አትሰማትም?"

ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም። ከተጣሉት አንዱን አነሳ፣ ጠርዙን በካራ አለሳለሰው፣ ክር አስገብቶ አሰረበትና "እንኪ፣ ወስደሽ ወገቧ ላይ እሰሪላት" አለኝ። እናና ከየት እንደመጣ ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ከዚያ ቀሚሷን ገለጥ አድርጋ እንዳስርላት ወገቧን ሰጠችኝ። ሆዷ ሲንቀሳቀስ በእጄ ተሰማኝ፣ ደንግጬ ሮጥኩ።

ቦኮላው ተሠርቶ ሲያልቅ ሌላ ችግር መጣ። ዳልቻን የሚያነሳ ሰው የለም። ማንሻው ክሪክ ጥርሱ ተበልቷል፣ በሰው ጉልበት ነው የሚነሳው። ዝናቡ ፈንጠቅ ስላደረገ ወንዶቹ ሁሉ እርሻ ወጥተዋል። ሰው ቤቱ የሚውለው በዓል ሲሆን ብቻ ነው፤ በበዓል ደግሞ ሥራ አይሠራም። አባዬ የሚያዝያ ጊዮርጊስ ዕለት፣ ሰው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ጠብቆ፣ በደጃችን መንገድ ላይ ቆመ። "አንድ ጊዜ ብቻ አንሱልኝ" አለ። ሰዎቹ እርስ በርስ ተያዩ። አያ ታፈረም መሃላቸው ነበር፣ መሬት መሬት ያያል።

"ደምሴ፣ ስለ የሺ ሆዴ ይባባል" አለ በመጨረሻ። "ግን ጊዮርጊስ ቂም ይይዛል። ዛሬ ዝም ብሎ ነሐሴ ላይ ገብሳችን ሲያሸት በበረዶ ይጠይቀናል።"

የንስሐ አባታችን መምሬ ወልዴ ከኋላ ደረሱ። ሰዎቹ መስቀል ተሳለሙና አባዬ ጫማቸው ሥር ተንበረከከ።

"መምሬ፣ ይገዝቱኝ፣ እቀበላለሁ። ግን የሺን የማደርስበት ሌላ ነገር ካለ ያሳዩኝ።"

መምሬ መቋሚያቸውን ተደገፉ። አባዬን እያዩ አይደለም፤ በራችን ላይ የቆመችውን እናናን ነው የሚያዩ። ያን ክረምት ቃሬዛውን ተከትለው ወንዙ ድረስ የሄዱ እሳቸው ናቸው።

"ስሙን ማን አላችሁት?" አሉ።

"ማንን?"

"መኪናውን።"

"ዳልቻ።"

"እንግዲህ በሬ ነው" አሉ መምሬ። "በሬ ጉድጓድ ከገባ በሰንበትም ይወጣል። ይህን ያለው ጌታ ነው፣ ጊዮርጊስ ከጌታው አይበልጥም። በሉ ኑ። ማንሳት ብቻ ነው ግን፤ መዶሻ ነገ።"

ቀሚሳቸውን ሰብስበው በአንድ ጎን መጀመሪያ የያዙት እሳቸው ሆኑ። አያ ታፈረ ሮጦ ከቤቱ ሁለት ሞፈር አመጣ፣ ከሥሩ አስገብተው በአንድ ትንፋሽ አነሱት። ድንጋይ ተደረደረበት። አባዬ ያን ዕለት መዶሻ አልነካም፤ እንዳይፈተን ነው መሰለኝ ለአያ ታፈረ ሰጥቶት አደረ። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ዘይት የጠጣውን ወይራ በየጆሮው እየመታ አስገባ፣ ቡሎኑን አሳለፈ፣ ዳዶውን አጠበቀ። አያ ታፈረ እርሻውን ትቶ ቀኑን ሙሉ ከጎኑ ዋለ።

የሄድነው ከዚያ በኋላ ሳንቆይ ነው። ከኋላ ጭድ ተሞልቶ ጋቢ ተነጠፈበት፣ እናና ተጋደመች፣ እኔ እግሯ ሥር። መምሬ ጸበል ረጩን። ዳልቻ ቁልቁለቱን ሲወርድ ዝም ብዬ የአባዬን እጅ አያለሁ፤ መሪው የሚለውን ጎማው ይሰማል። ወይራው ብቻ ከሥራችን ቀስ እያለ ያቃስታል፣ ለምዶበት እንደሚሸከም ሰው። ወንዙ ገና አልሞላም፣ እስከ ጎማው ግማሽ ነው። ዳሩ ደረስን።

ሳንሻገር እናና ቀና አለች።

"አቁም።"

"የሺ፣ ሰማዩን እይው..."

"አቁም አልኩህ።"

አቆመ። እኔ ምጥ መጣ ብዬ ነፍሴ ወጣች። እናና ግን ደግፈናት ወረደችና ብቻዋን ወደ ሾላው ሄደች። አባዬ ሊከተላት ሲል በእጇ መለሰችው። እዚያ ቆማ ምን እንዳለች አልሰማሁም። አላለቀሰችም። ሲበቃት ተመልሳ ጭዱ ላይ አልወጣችም፤ የፊቱን በር ከፍታ አባዬ ጎን ተቀመጠች።

"ከዚህ ወዲያ ተኝቼ አልሄድም" አለች። "በል ንዳ።"

ወንዙን ተሻግረን ደብረ ታቦር በደህና ገባን። ዝናቡ ግን እኛ በገባን ማግስት አገሩን ገለበጠው። ምጡ የያዛት ለልደታ ዋዜማ ነው። ሐኪሞቹ ወስደዋት በሩ ተዘጋ። አባዬና እኔ ደጅ አግዳሚ ላይ ተቀመጥን። ጮኸች፣ ከዚያ ድምፅ ጠፋ። ድምፅ ሲጠፋ የባሰ እንደሆነ ያኔ ገባኝ። ከሰዓት በኋላ አንዲት ነርስ በሩን ከፍታ "የየሺ ሰው" ብላ ተጣራች።

አባዬ ሊነሳ ሞከረና ቁጭ አለ። እንደገና ሞከረ። ያን መኪና ስንት ጊዜ አንስቶ ያወረደ ሰው ጉልበቱ እምቢ አለው። ፊቱን ሳየው አባቴ ያን ሁሉ ወር ሲፈራ እንደነበር አወቅሁ፤ ከማንም በላይ የፈራው እሱ ነበር።

"ስንዱ፣ አንቺ ሂጂ" አለኝ። "ሂጂና አይተሽ ንገሪኝ።"

ነርሷን ተከትዬ ገባሁ። ክፍሉ መድኃኒት መድኃኒት ይሸታል። እናና ነጭ ጨርቅ ለብሳ ተጋድማለች፣ ከንፈሯ አመድ መስሏል፣ ዓይኗ ተከድኗል። አጠገቧ የተጠቀለለ ነገር አለ፣ ይነጫነጫል። እኔ እሱን አላየሁትም። እሷን ብቻ ነው የማያት። ቆሜ ቀረሁ። ዓይኗን ከፈተች።

"አባትሽ የታለ?"

"ውጭ ነው። መቆም አቅቶት ነው።"

ትንሽ ፈገግ ያለች መሰለኝ። እጇን ዘርግታ ጉንጬን ነካችኝ፣ እጇ ትኩስ ነበር።

"ሩጪ" አለችኝ። "አለሁ በይው።"

ሮጥኩ።